ስድስት የሲሚንቶ ደረጃ

እንጅባራ ላይ ለአካል ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደሮች መኖሪያ ሊሠራ ነው ሲባል፣ ከመሥሪያ ቤታችን ጉዳዩን እንድከታተል የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። በየቀበሌው እየዞርኩ ስመዘግባቸው አኗኗራቸውን አይቻለሁ። ዘንገና አካባቢ በወንድማቸው ቤት ከጥጆች ጋር የሚያድሩ ዓይነ ስውር ነበሩ። አዲስ ቅዳም ደግሞ ቀኝ እግራቸውን ፈንጂ የወሰደባቸው አንድ አሥር አለቃ አሉ፤ ገበያ ዳር ተቀምጠው የከሰል ማዳበሪያ አፍ ይሰፋሉ።

ቤቱ ተሠርቶ ቀለም ሲቀባ አሥር አለቃን እንዲያዩት ይዣቸው መጣሁ። ከባጃጁ ወርደው ምርኩዛቸውን አስተካከሉና ቀና አሉ። ወደ በሩ የሚያስገባው ስድስት የሲሚንቶ ደረጃ ነው፤ መደገፊያ እንኳ የለውም።

«ልጄ፣ ይህን ቤት የሠራው ሰው ሁለት እግር አለው» አሉኝ።

በዚያ ደረጃ ስንት ጊዜ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ አንድም ቀን አላየሁትም። መጀመሪያ የተናደድኩት በራሴ ነው።

መሐንዲሱ ዘንድ ሄድኩ። ዲዛይኑ ከላይ ጸድቆ የመጣ ስለሆነ ያለ ደብዳቤ አንድ ድንጋይ እንደማይነካ ነገረኝ። ደብዳቤ ጻፍኩ። የተጻፈለት ክፍል እኔን አይመለከትም ብሎ ወደ ሌላ ክፍል መራው፤ ያኛው ደግሞ ወደ መሐንዲሱ መለሰው። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። አንድ ኃላፊ፣ ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ ረጋ ብለው፣ «ተሸክሞ ማስገባት ይቻላል እኮ» አሉኝ። በቀን ስንት ጊዜ ብዬ ብጠይቃቸው ስልካቸውን ማየት ጀመሩ።

የምረቃው ዕለት እንግዶቹ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመው ሪባን ቆረጡ። ቤቱ የተሠራላቸው ሰዎች ግን ታች ፀሐይ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረው፣ ስለ ራሳቸው የሚነገረውን ንግግር አንጋጠው ይሰሙ ነበር። ለፎቶ ሦስቱን ተሸክመው አወጧቸው፤ ፎቶው ሲያልቅ መልሰው አወረዷቸው። አሥር አለቃ ማንም አይሸከመኝም አሉ።

በማግስቱ ስልክ ደወሉልኝና ግቢው ውስጥ የተረፈ ድንጋይና ሲሚንቶ ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። ሲሚንቶ ትንሽ ነበር፤ ድንጋይ አልነበረም። ለካ በውትድርና ዘመናቸው ድልድይ ከሚሠራው ክፍል ነበሩ። ከጥርባ አካባቢ ገበሬዎች ጋር በአገውኛ ተነጋገሩ፤ እኔ ከአማርኛ ሌላ ስለማላውቅ የተባባሉት አልገባኝም። በሁለተኛው ቀን ግን ድንጋይ የጫኑ አህዮች ግቢው ውስጥ ገቡ። አሥር አለቃ ወንበር ላይ ተቀምጠው በገመድ እያስለኩ፣ «ትንሽ ይርዘም፤ ቀጥ ካለ ሰው ይጥላል» እያሉ አሠሩ። በአራት ቀን ተዳፋቱ መወጣጫ አለቀ። ሲሚንቶው ሲደርቅ መጀመሪያ የወጡበት እሳቸው ናቸው። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉና ገቡ።

በሳምንቱ ከበላይ ደብዳቤ ደረሰኝ። ያልተፈቀደ ግንባታ ስላካሄድኩ በአስቸኳይ እንዳፈርስ ይላል። አላፈረስኩም። ሊያፈርስ የመጣም የለም፤ ደብዳቤውን የሻረውም የለም።

አሁን ዘጠኝ ሰዎች ይኖሩበታል። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጥበት ነው፤ ዳንግላ ያለ አናጢ መሐሉ ክፍት የሆነ የእንጨት ወንበር እስኪሠራልን ድረስ አንድ እግር ያላቸው ሰዎች እንዴት እንደከረሙ መናገር ያሳፍረኛል። ተንከባካቢ አልተቀጠረም፤ መዋቅሩ አልጸደቀም ይሉኛል።

ባለፈው ሰሞን ከሌላ ዞን እንግዶች ለተሞክሮ መጡ። መሐንዲሱ መወጣጫው ላይ ቆሞ ስለ ተዳፋቱ ልክ ሲያስረዳቸው፣ እነሱም ሲጽፉ አየሁ። አሥር አለቃ አጠገቤ ነበሩ። ንገሯቸው እንጂ አልኳቸው።

«ተዪው፣ ይማሩበት። ይልቅ የሚያጥበን ሰው መቼ እንደሚመጣ ጠይቂልኝ» አሉ።

ጠየቅኩ። እንግዶቹ ፊት በመጠየቄ ኃላፊው ፊታቸው ጠቆረ፤ በሂደት ላይ ነው አሉና ወደ መኪናው መሯቸው። ከዘንገና የመጡት ዓይነ ስውር በዚያው ዕለት አልጋቸው ላይ ሽንት አምልጧቸው ነበር። ለእንግዳ ብዬ የለበስኩትን ቀሚስ ሰብስቤ አንሶላቸውን አጠብኩ።