ማልሱክ የኮምፒውተር ምግብ ቤት ስትከፍት

ማልሱክ ሞክፖ ወደብ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የኑድል ሾርባ ሸጣለች። ቤቷ አራት ጠረጴዛ ብቻ ነበራት። ሊጡን ራሷ ታቦካለች፣ ራሷ ትዳምጣለች፣ በቢላ ራሷ ትቆርጣለች። ማን ኪምቺ የሚሉትን የኮመጠጠ ጎመን እንደሚወድ፣ ማን ሽንኩርት እንደማይነካ ጠይቃ አታውቅም፤ ሰውየው ገና በር ላይ ብቅ ሲል ሳህኑ ተዘጋጅቷል።

ባሏ ዶክማን የመርከብ መካኒክ ነበር። ጡረታ ሲወጣ እዚያው ገብቶ ዕቃ አጣቢ ሆነላት። "ባሕር ላይ ካፒቴን ነበረብኝ፤ የብስ ላይም ካፒቴን አላጣሁም" እያለ በሚስቱ ይቀልድ ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት፣ ሊጥ እያቦካች ሳለ ቀኝ እጇ የሌላ ሰው እጅ ሆነባት። ዶክማን ዞር ሲል ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ስትሮክ ነው አሉ። አፏ ቀስ በቀስ ተስተካከለ፣ እግሯም ታዘዘላት፤ እጇ ግን ልቡ እንደሸፈተ ቀረ። ሐኪም ቤት ጣቶቿን እንድታሠራበት የላስቲክ ኳስ ሰጧት። ሁለት ቀን ጨበጠችው፤ በሦስተኛው ቀን አልጋ ሥር ወረወረችው። ከዚያ ወዲህ ወሬም ቀነሰች። ጠዋት ተነሥታ መስኮት ሥር ትቀመጣለች፤ ስትቀመጥ ትውላለች።

ጓንግጁ ከተማ የምታስተምረው ልጇ ናሪ ልትጠይቃት ስትመጣ አሮጌ ላፕቶፕ ይዛላት መጣች።

"እማ፣ ይኼን ተጫወቺ። ማውሱን በቀኝ እጅሽ ያዢ፤ ለጣቶችሽ ጥሩ ነው።"

"እኔ ሕፃን ነኝ?"

"ምግብ ቤት እኮ ነው! ደንበኛው ይገባል፣ ታስቀምጪዋለሽ፣ ያዝዛል፣ ታቀርቢለታለሽ፣ ሲሄድ ጠረጴዛውን ትወለውያለሽ። ከራሱ በላይ አምስት ልቦች አሉ፤ በቆየሽበት ቁጥር አንድ አንድ ትጠፋለች።"

"ይቺንማ ተኝቼም እሠራታለሁ" አለች ማልሱክ።

ጨዋታው ተከፈተ። ቀይ መጋረጃ ያላት ትንሽ ምግብ ቤት ታየች። መጀመሪያ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ገባ። ማልሱክ ይዛ ልታስቀምጠው ስትል የማውሱ ቀስት ስክሪኑ ላይ ሸሽታ ጥግ ገባች። ማውሱን ብድግ አድርጋ ሥሩን አየች፤ ናሪ መልሳ አስቀመጠችላት። እንደምንም አስቀመጠችው። ወዲያው አረንጓዴ ባርኔጣ ያደረገች አሮጊት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ማልሱክ ሾርባውን ልታነሣ ብትሞክር ጣቷ አንዴ ሳይጫን፣ አንዴ ሁለቴ እየተጫነ አስቸገራት።

"ቆዩ እማማ፣ መጣሁ፣ አሁን መጣሁ" አለች ለስክሪኑ፣ ጮክ ብላ።

ልቦቹ አለቁ። አሮጊቷ ፊቷ ቀልቶ ዞር አለችና ወጣች። ከዚያ ክራቫቱም ተከተላት። "አልተሳካም፤ እንደገና ይሞክሩ" የሚል ጽሑፍ መጣ።

ናሪ ሳቀች። ማልሱክ አልሳቀችም።

"የት ሄደች?"

"ማ?"

"አሮጊቷ።"

"እማ ደግሞ! ሥዕል እኮ ናት። ወጣች፣ በቃ።"

"ሳትበላ?"

ማልሱክ ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ቧንቧውንም ከፈተችው። ናሪ ግራ ገብቷት አባቷን አየችው።

"ተያት" አላት ዶክማን። "በሃያ ዘጠኝ ዓመት ከእናትሽ በር ሳይበላ የተመለሰ ሰው የለም።"

ናሪ ላፕቶፑን ይዛው ልትመለስ ነበር። ግን በማግስቱ ከቁርስ በኋላ ማልሱክ ራሷ ተጣራች፦ "የናሪ አባት፣ ያን ነገር እስቲ አብራው።"

እንዲህ ተጀመረ። የብርዱን ወራት ሙሉ በየጠዋቱ ትቀመጥበታለች። ብልሃቱ ቀስ እያለ ገባት፤ ሾርባውን ሳይታዘዝ አስቀድሞ መቅዳት፣ የሁለት ጠረጴዛ ትእዛዝ በአንድ ጉዞ መቀበል፣ ቆሻሻ ሳህኑን በመመለሻ ማንሣት። ሁሉም ድሮም የምታውቀው ነው፤ የማያውቀው እጇ ነበር። ከጨዋታው አንደኛ ቀን ወደ ሁለተኛው ለማለፍ አሥር ጠዋት ፈጀባት። ስድስተኛው ቀን ላይ ደግሞ ጭራሽ ተቸነከረች።

ዶክማን አጠገቧ ወንበር ስቦ ይመክራት ጀመር።

"ባለ ክራቫቱን አስቀድሚ እንጂ! ብዙ ነጥብ የሚሰጠው እሱ ነው።"

"ጎረምሳ አይደል? ይቁም። እማማ እግራቸውን ያማቸዋል።"

"እግራቸው የት አለና? ከወገብ በላይ ነው የተሳሉት።"

"አንተ ዕቃህን እጠብ! ምድጃዬ ጋ ምን አገባህ?"

ዶክማን ይኼን ስድብ ለወራት አልሰማውም ነበር። ዓይኑ እንባ ስላቀረረ ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሆን ብሎ የተሳሳተ ምክር ይሰጣት ነበር፤ እንድትሰድበው።

ማልሱክ ለገበያው ሰው ሁሉ "ብርዱ ሲያልፍ እከፍታለሁ" ማለት ጀመረች። መጋቢት ውስጥ አንድ ጠዋት፣ አንድም ደንበኛ ሳይቆጣባት ስድስተኛውን ቀን አለፈች። አረንጓዴ ባርኔጣዋ አሮጊት ሳትቀር በልታ ወጣች። ማልሱክ ካፖርቷን አነሣች።

"የት ነው?" አላት ዶክማን።

"ሱቅ ነዋ! ቁልፉን ያዝ።"

ቤቱ ቀዝቅዞ፣ ሽታው ተለውጦ ቆያቸው። ዶክማን ምድጃውን ለኮሰ። ማልሱክ ዱቄት ዘርግታ ውሃ ጨመረችበትና ማቡካት ጀመረች። ማውስ ክብደት የለውም፤ ሊጥ ግን ጉልበት ይፈልጋል። ግራ እጇ ይገፋል፣ ቀኙ ይንሸራተታል። መዳመጫውን ስትይዝ ሊጡ በአንድ ወገን ሳስቶ በሌላው ተቆለለ። ቢላውን አነሣች፤ ወደቀ። ደግማ አነሣችው፤ ደግሞ ወደቀ።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። መረብ ጠጋኙ ጋሽ ፒልሱ ነበሩ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ምሳቸውን እዚያ የበሉ ሰው።

"የናሪ እናት! ከፈትሽ? እሰይ! እኔማ አምስት ወር ሙሉ ራመን፣ ያን የፓኬት ኑድል ቀቅዬ አንጀቴ ደረቀ" አሉና ከቦታቸው ተቀመጡ።

አልከፈትንም ለማለት አፏ እምቢ አላት። "ይቀመጡ ጋሼ፣ አሁን ይደርሳል" አለች። ወደ ዶክማን ዞራ በሹክሹክታ "አንተ ቁረጠው" አለችው።

"እኔ? እኔ እኮ ብሎን ነው የማውቀው።"

"ቁረጠው አልኩህ።"

ሾርባው እስኪደርስ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ጋሽ ፒልሱ ግን ሰዓታቸውን አላዩም። ስለ ንፋሱ አወሩ፣ ስለ ዓሣው መጥፋት አወሩ፣ ውሃ ሦስት ጊዜ ጠጡ። ሲቀርብላቸው ኑድሉ አንዱ እንደ ጣት ወፍሯል፣ አንዱ እንደ ክር ቀጥኗል፤ መሀሉ አልበሰለም። "እጅሽ ይባረክ" ብለው በሉና ተነሡ። "ጠግቤ ነው የመጣሁት" አሉ ሲወጡ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሳህናቸውን በናፕኪን ሸፍነውት ነበር። ማልሱክ ናፕኪኑን ገለጠችው። ከግማሽ በላይ ተርፏል።

"እንደ ጨዋታው ተቆጥተው ቢወጡ ይሻለኝ ነበር" አለች። ዶክማን ሳህኑን ወስዶ አጠበ።

በሚያዝያ ቤቱን ዶሮ ለሚጠብሱ ባልና ሚስት አስረከቡ። ማልሱክ የሊጥ ጠረጴዛው ሲወጣ ለማየት አልሄደችም። ከዚያ ወዲህ ገበያ የምትሄደው በወደቡ ዞራ ነው፤ መንገዱ ይረዝማል፣ እግሯም ያማታል፣ ግን በዚያ ነው የምትሄደው። ላፕቶፑን አልከፈተችውም፤ ዶክማንም አብሪው አላላትም።

በግንቦት አንድ እሑድ ናሪ ደወለች።

"እማ፣ ጨዋታው የት ደረሰ?"

"ጨረስኩት።"

"ውሸትሽን ነው! እስከ መጨረሻው?"

"እስከ መጨረሻው። ሁሉም በልተው ሄዱ።"

"አንቺ ጀግና እኮ ነሽ! ሌላ እልክልሻለሁ፣ የእርሻ አለ፣ የአበባ ሱቅ አለ..."

"ተይው ልጄ። ደክሞኛል።"

ስልኩን ዘጋች። ዶክማን ማዶ ተቀምጦ ፒር የሚባለውን ፍሬ እየላጠ ነበር። ቀና ብሎ አላያትም። ፒሩን በግራ እጇ ለማንሣት እንዳይከብዳት አሳንሶ ቆራረጠና ሳህኑን ወደ እሷ ገፋው።