የሰው ኩፔ

በአስመራ፣ በገጀረት ሰፈር፣ ባህታ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የመዶሻው ድምፅ ነው። ባትላሜራ ነበርና ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተጨረማመተ የመኪና አካል ሲያቃና ኖሯል፤ ጎረቤቶቹም ከድምፁ ብቻ፣ ዛሬ የሚመታው በር ነው፣ ዛሬ የጎማ መሸፈኛው ፓራፋንጎ ነው እያሉ ይለዩ ነበር። ሁለተኛው በግቢው ውስጥ ቆማ፣ ማንም ሲነዳት ያላየው ባለ ሁለት በር ፊያት ኩፔ ነበረች።

መኪናዋ የእሱ አልነበረችም፤ የአብሮ አደጉ የተስፋልደት ነበረች። በስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጦርነቱ ከተማው ጫፍ ሲደርስ፣ መውጫ ያገኘ ሁሉ ይወጣ ነበር። ተስፋልደትም አንድ ጠዋት ኩፔዋን እየነዳ መጥቶ ከባህታ ግቢ አስገባት። ሞተሩን አጠፋ፤ ቁልፉን በባህታ መዳፍ ላይ አስቀመጠና፦

«ሓዛ» አለው። ያዛት።

ሌላ ቃል አልጨመረም። ታክሲው ከደጅ ጥሩምባ እየነፋ ያጣድፈው ነበር። ተቃቅፈው ተለያዩ።

ባህታ ያንን ቃል አንድ ቀንም መርምሮት አያውቅም። ያዛት ማለት እስክመለስ ጠብቅልኝ ማለት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አባቱ የጎረቤት በሬ በአደራ ተቀብለው፣ በሬው በበሽታ ቢሞትባቸው የገዛ በሬያቸውን ጎትተው የመለሱ ሰው ነበሩ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይሉ ነበር። በዚያ ዓመት ቤተሰባቸው በአንድ በሬ ማረስ አቅቶት መሬቱን ለሰው በእኩል ሰጥቷል። ባህታ ግን ከዚያ ሁሉ ያስታወሰው የአባቱን ቀና ያለ አንገት ብቻ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ጥሩ መኪና ያለው ሰው መኪናውን ይቀማ ነበር። ስለዚህ ባህታ ጎማዎቿን ፈትቶ ከአልጋ ሥር ከተተ፤ ኩፔዋን ከድንጋይ ላይ አስቀመጣት፤ ከላይ እስከ ታች ጭድ ከመረባት። ፈታሾች ሦስት ጊዜ ገብተው የከብት መኖ አይተው ወጡ። በዚህ ዘዴው በጣም ይኮራ ነበር። በሰባተኛው ዓመት ጭዱን ሲያነሣው ግን ጭዱ ከታች በስብሶ፣ ሰባት ክረምት ውሃ ይዞ ቆይቶ ነበር። እጁን ወደ ውስጥ አግብቶ ወለሏን ሲጫን ብረቱ እንደ ደረቀ አምባሻ ተፈረፈረ። ከሰው የሸሸጋትን መኪና ራሱ አዝጎ ጠበቃት።

ያን ዕለት እራት አልበላም። ሚስቱ ለተንስኤ በልጃቸው ስም ጠርታ፣ «ምን ሆነሃል፣ አቦ አኽበረት?» ብትለው፣ «የሰው ገንዘብ አጠፋሁ» አላት። በማግስቱ መዶሻውን ይዞ ወደ ኩፔዋ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ዓመት በአንድ መኪና ላይ አለቀ። ቀን ለእንጀራው የሰው መኪና ይመታል፤ ከሥራ መልስና ከቅዳሴ በኋላ ኩፔዋ ላይ ይጎነበሳል። መለዋወጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ወለሏን ከዘይት በርሜል ቆርጦ፣ አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ በቀስታ እየመታ አወጣው። ፓራፋንጎዎቿን ከዓይኑ ትዝታ ብቻ ሠራ፤ አንዱን አራት ጊዜ ጥሎ አምስተኛው ላይ ነው እሺ ያለው። ጉድጓዱን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት በአንድ ሳምንት ያልቅለት ነበር። እሱ ግን ስቱኮ ውሸት ነው ይላል። ስታኞ የሚሉትን የመበየጃ ቆርቆሮ በለተንስኤ መጥበሻ እያቀለጠ፣ ሞራ በቀባው የእንጨት ማስተካከያ ላሜራው ላይ ያስተኛዋል። መጥበሻው ሲጠፋባት ለተንስኤ ከወጥ ቤት፣ «ዛሬ ደግሞ ለሙሽራይቱ ምን ልትጠብስላት ነው?» ትላለች።

ሙሽራይቱ የሚለው ስም ከእሷ ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ። ጎረቤቱ ጎይትኦም በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ባህታ፣ ድንግሊቱን መቼ ነው የምትድራት? ኧረ አረጀች!» ይለው ነበር።

«ባሏ ውጭ አገር ነው» ይላል ባህታ፣ ቀና ሳይል።

«እንግዲያውስ አንተ ሚዜ ሆነህ ሸበትክ በለኛ!»

በሰማንያ አራት ጦርነቱ አብቅቶ አንድ ዓመት ሲሆን ሥራው አለቀ። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቀለሟ ፊት ያሳያል። የሃያ አምስት ሳንቲም ጠርዝ በበሮቿ ክፍተት ውስጥ ከላይ እስከ ታች ሳይነካ ሳይላላ ያልፋል፤ ከፋብሪካ ስትወጣም ይህን ያህል ትክክል መሆኗን ባህታ ይጠራጠር ነበር። ሞተሯ በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሣል። በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ያስነሣትና ያጠፋታል። ከግቢው በር ግን አንድ ክንድ አላለፈችም።

በተከታዩ ዓመት ጥር ላይ አንዲት ልጃቸው አኽበረት ተዳረች። በሠርጉ ጠዋት፣ የተከራዩት የሙሽራ መኪና ከከረን መንገድ ላይ ተበላሸ የሚል መልእክት መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት ደርሷል። ሙሽራይቱ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከበረንዳው ላይ ቆማለች። ከእሷ አምስት እርምጃ ርቃ ኩፔዋ ትብረቀረቃለች።

ለተንስኤ ባሏን ወደ ጎን ሳበችው። «አቦ አኽበረት፣ ቁልፉን አምጣ።»

«የምን ቁልፍ?»

«አትቀልድብኝ። እስከ ኪዳነ ምሕረት ደርሳ ትመለስ።»

«የሰው አደራ ሙሽራ አይጭንም።»

«ተስፋልደት ቢኖር እሱ ራሱ አይነዳትም ነበር?»

«ቢኖር። የለም እኮ። ሰው በሌለበት ገንዘቡ አይነካም። አንድ ሰው ቢገጨን ምን እለዋለሁ? ልጄን ስድር ጨረስኳት ልበለው?»

«ልጅህን እኮ ነው የምልህ፣ አንተ ሰው! ያለችህ አንዲት ናት!»

ባህታ ቁልፉን ከኪሱ ውስጥ እንደ ጨበጠ ጀርባውን ሰጣት። አኽበረት አባቷን አየችው፤ አልለመነችውም። የአጎቷ የሲሚንቶ ማመላለሻ ካሚዮን መጣና ከፊት ወንበሩ ላይ አንጠልጥለው አወጧት። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስትወርድ የቀሚሷ ጫፍ አመድ መስሎ ነበር፤ አማቶቿ እያዩ ለተንስኤ በነጠላዋ ብታራግፈው ባሰበት። አኽበረት ከባሏ ጋር ደቀምሓረ ገባች። እናቷን በገበያ ቀን እየመጣች ታያታለች፤ ከአባቷ ግቢ ግን ከዚያ ወዲህ እግሯ አልረገጠም። ባህታ፣ «ተስፋልደት መጥቶ መኪናውን ሲረከብ፣ ያኔ ይገባታል» ይል ነበር። ይህን ቀን ነበር የሚጠብቀው። ያ ቀን ሲመጣ ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ እንደሚገኝ አልተጠራጠረም።

ተስፋልደት በሰማንያ ስድስት ከቦሎኛ ለሁለት ሳምንት መጣ። ፀጉሩ አልቋል፤ ሆዱ ተነፍቷል፤ ሳቁ ግን የድሮው ነው። ከበር ላይ፣ «አንታ ባህታ! አሁንም ብረት ትደበድባለህ?» ብሎ ጮኸና ተቃቅፈው አለቀሱ። ባህታ ወንበር አልጋበዘውም። እጁን ይዞ ወደ ግቢው ጥግ ወሰደውና ሸራውን በአንድ ጊዜ ገፈፈው።

ተስፋልደት ቆመ። ከዚያ ሳቀ። «ይህቺ እስካሁን አለች?»

«አለች። እየዞርክ እያት። ስቱኮ የለባትም። በሯን ክፈተው እስቲ።»

«እኔ እኮ ያኔውኑ ሸጠህ የበላሃት መስሎኝ! በዚያ በረሃብ ጊዜ፣ ቢያንስ የልጆች ወተት ሆናለች እያልኩ ነበር ራሴን የማጽናናው።»

«የሰው ነገር እኔ እሸጣለሁ?» አለ ባህታ፣ ፊቱን ቋጥሮ።

«የምን የሰው ነገር? ሰጥቼህ አይደል የሄድኩት? ያዛት አልኩህ እኮ!»

«ያዛት አልከኝ። ያዝኳት።»

«አንተ ሰው፣ ያዛት ማለት... ውሰዳት፣ ያንተ ናት ማለቴ ነበር! እኔ ለምኗ ልመለስ? ነፍሴን ይዤ እየሮጥኩ ስለ መኪና አደራ የምሰጥ ይመስልሃል?» ብሎ የባህታን ትከሻ መታ መታ አደረገው።

ለተንስኤ ሻይ በሰርቪስ ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ሰርቪሱን በኩፔዋ ኮፈን ላይ አስቀመጠችው፤ ማንም በዚያ ላይ ጣቱን እንኳ አሳርፎ አያውቅም። ወደ ቤት ገባች።

ተስፋልደት ነገሩ የገባው ከባልና ሚስቱ ፊት ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ችግር የለም፤ ነገ ሊብሬውን በስምህ እናዞራለን። የእጅህ ሥራ ነው፤ በወግ ንዳት» አለው።

እዚህ ላይ ባህታ እሺ ቢል ነገሩ ባለቀ ነበር። ነገር ግን እሺ ካለ፣ ያ አሥር ዓመት የአደራ አልነበረም ማለት ነው። በዚያ ጠዋት ልጁን በካሚዮን የሰደዳት ለምንም አልነበረም ማለት ነው። ቁልፉን አወጣና በተስፋልደት እጅ ውስጥ አስጨበጠው።

«ተረከበኝ።»

«ባህታ፣ እባክህ...»

«አደራህን ተረከበኝ ነው የምልህ! እኔ የሰው ንብረት በልቼ አላውቅም። ቆጥረህ ተረከብ፤ መለዋወጫ ጎማዋም አለ።»

ተስፋልደት ወደ ቤቱ በር ተመለከተ፤ ከዚያ የሚረዳው አልወጣም። የሽማግሌን ኩራት በምን ይሸከሙታል? ቁልፉን ያዘ። ወደ ጣሊያን ጭኖ ሊወስዳት አይችልም፤ በአምስተኛው ቀን ለአንድ የምጽዋ ነጋዴ ሸጣት። ገንዘቡን ሊያካፍለው ቢመጣ ባህታ በሩን አልከፈተለትም። ነጋዴው ኩፔዋን አስነሥቶ ከግቢው ሲያወጣት ጎይትኦም እንኳ በአጥሩ ላይ ቆሞ አፉን ያዘ፤ የሚቀልደው ጠፋበት።

ለተንስኤ ስድስት ቀን ሙሉ ከባሏ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጠችም። በሰባተኛው ቀን ሽሮውን ከፊቱ አስቀምጣ፣ «ሰውየው ሲሰጥህ ምነው አልተቀበልክ?» አለችው።

«ብቀበል ኖሮ ምን ልባል ነበር?»

«ሞኝ። ተሳስቶ ነበር ይሉህ ነበር።» ውሃ ቀዳችለት። «ሞኝ ባል ችዬ እኖር ነበር፣ አቦ አኽበረት። ልጅህንም ነይ ከአባትሽ ታረቂ ስላት፣ ተሳስቶ ነው ብዬ እነግራት ነበር። አሁን ምን ብዬ ልንገራት?»

ባህታ ምግቡን አልነካውም። በማግስቱ ግን ማልዶ ተነሥቶ ጢሙን ተላጨ፣ የበዓል ኮቱን ለበሰና ደጁ ላይ ቆመ። ለተንስኤ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ደቀምሓረ። አብሬሽ ልሂድ። እኔው ራሴ ልንገራት።»

«ምን ልትላት?»

ባህታ አፉን ከፈተ። «ነገሩ... ቃሉ እንደዚያ ነበር እኮ። ያዛት ነው ያለኝ። ማንም ሰው ቢሆን...»

ለተንስኤ ጨርሶ እስኪናገር አልጠበቀችም። «አየህ? አንተ ከመጣህ ስለ አደራ ነው የምታወራላት» አለችና፣ ነጠላዋን አስተካክላ ብቻዋን ወደ አውቶቡሱ ሄደች።