ከዴስኩ ሥር የቀረች እጄ

መርሳ ውስጥ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ከእሷ ጋር ተሰልፈናል። ሰሞኑን ኩፍኝ ገባ ስለተባለ የክትባት ካርድ ሳያሳዩ መግባት ቀርቷል። አጥሩ ሥር አንዲት ሴት ማንጎ ትሸጣለች። ሽታው ሲመጣ ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ታናሽ ወንድሜን ኩፍኝ ያዘው። አያቴ መስኮቱን በጋቢ ጋርደው፣ "የበሽታውን ስም እንዳትጠሪው! ከጠሩት ይብስበታል። አላህ ያሽረዋል፤ አንቺ ብቻ ዝም በይ" አሉኝ።

በማግስቱ መምህራችን፣ "ቤቱ ኩፍኝ የገባበት እጁን ያውጣ፤ እስኪያልፍ እቤቱ ይቆያል" አሉ። እኔ እጄን ከዴስኩ ሥር በጉልበቶቼ መሀል ጨምቄ ያዝኩት። ዓይኔም ከጠዋት ጀምሮ ይቆጠቁጠኝ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ከጓደኛዬ ከጦይባ ጋር አንድ ማንጎ እየተቀባበልን ጋጥን።

እኔም ኩፍኝ ይዞኝ ተኛሁ፤ ከርሜ ተነሳሁ። ስመለስ የጦይባ ቦታ ባዶ ነው። ቤተሰቧ ወደ ግራና ከተማ ሄደ አሉኝ። እሷም ታማ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እስከ ዛሬም ጠይቄ አላውቅም።

ተራችን ደረሰ። በሩ ላይ የቆመችው መምህርት ካርዱን አየችና፣ "የእሷ ሙሉ ነው። እቤት ትኩሳት ወይም ሽፍታ ያለበት ሰው አለ እንዴ? ካለ እሷም እቤት ትቆያለች" አለችኝ።

ትንሹ ልጄ ገና ስምንት ወሩ ነው፤ ለኩፍኝ ክትባት አልደረሰም። ዛሬ ጠዋት ግንባሩ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር።

ልጄ ይህን ታውቃለች፤ ፈተናዋ ሊጀመር መሆኑንም ታውቃለች። ቀና ብላ ፊቴን አየችና ሁለቱንም እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።