የቤሪል ጣቶችና «አላማርርም»

ቤሪል ሃንስኮምን «እንዴት ነሽ?» ብሎ ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፤ «አላማርርም»። በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ቤታቸው በቦምብ የፈረሰ ዕለት እናቷም ለጎረቤት የመለሱት ይህንኑ ነው። ከጡት ጋር የጠባችው ቃል ስለሆነ ማንም ሊያስጥላት አልቻለም።

ሃመርስሚዝ በሚባለው ሰፈር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለችው ፀጉር ቤቷ የሰፈሩን አሮጊቶች ፀጉር ስትጠቀልል ነው ያረጀችው። ሩማቶይድ የሚሉት የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዛት ወዲህ ግን የጣቶቿ አንጓዎች አብጠው መቀሱ ከእጇ ይወድቅ ጀመር። ደንበኛዋ ግላዲስ መቀሱን ከወለሉ እያነሳች፣ «ቤሪል፣ ጆሮዬን እንኳ ተዪልኝ» ትላታለች። ቤሪልም አብራ ትስቃለች። በሆዷ ግን ፍርሃት ነበር፤ እጄ ከሞተ እኔ ምን ቀረኝ ትላለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህን ለቤሪል የነገራት ሰው አልነበረም።

አዲስ መድኃኒት ይሞከራል ተብሎ ከባሏ ከዊልፍ ጋር ሆስፒታል ሄደች። ወጣቷ ሐኪም ዶክተር ፌንዊክ ነገሩን አስረዳቻት። «ነጭ የደም ሴሎችዎ ጠላት ሳይኖር ወደ መገጣጠሚያዎ ይተማሉ። የሚጠራቸው መልእክት አለ። ይህ አንቲቦዲ የሚባል መድኃኒት መልእክቱን እየያዘ ያስቀረዋል፤ ካልተጠሩ ደግሞ አይመጡም።» ጥናቱ የሚቀበለው ሕመሙ የጠናበትን ሰው ብቻ ነበር።

ሐኪሟ አንጓዋን ጫን አደረገችው። «ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም አይልም» አለች ቤሪል፣ ጥርሷን ነክሳ ፈገግ እያለች።

«ጠዋት ጠዋትስ?»

«አላማርርም። ከኔ የባሰ ስንት አለ!»

«እብጠቱ ይታየኛል። ግን ካላመመዎት ቦታው ለሌላ ታማሚ ይሰጣል።»

ቤሪል እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «አመሰግናለሁ፣ አስቸገርኩዎት» የሚል ነበር። ልትነሳ ስትል፣ በሰው ፊት ትንፍሽ የማይለው ዊልፍ ባርኔጣውን ጨምድዶ ተነሳ።

«ውሸቷን ነው! የኮቷን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ። ሻይዋ በሁለት እጇ ይዛው እንኳ ይደፋባታል። ስታለቅስ ደግሞ እንዳልሰማት ቧንቧ ከፍታ ነው።»

አውቶቡስ ውስጥ ቤሪል ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። «በሰው ፊት ልብሴን ገፈፍከኝ!»

«ማልበሱም የኔ ሥራ ሆኗል፣ ምን ላድርግ?» አላት።

ለጥናቱ ተቀበሏት። ደሟን ቀድተው ነጭ ሴሎቿን ለዩና በጥቂት ጨረር ምልክት አድርገው ወደ ደም ሥሯ መለሷቸው። በማግስቱ እጇን ካሜራ ሥር ዘረጋች። ምስሉ ላይ አንጓዎቿ ቦግ ብለው ታዩ፤ ሴሎቿ እዚያ ተከማችተዋል። ለራሷም ዋሽታ ኖሮ፣ «ለካ ይህን ያህል ነው!» አለች።

ከዚያ መድኃኒቱ ከተሰቀለ ከረጢት ጠብ ጠብ እያለ ወደ ደም ሥሯ ሲገባላት ዓይኗን ከከረጢቱ አልነቀለችም። ባይሠራስ? ጥሪው ተዘግቶ ሳለ እውነተኛ ጠላት ቢመጣስ? ይህንኑ ስትጠይቅ ሐኪሟ አላቃለለችባትም። «ትኩሳት ከተሰማዎት ሳያድሩ ይደውሉ» አለቻት። ቤሪል በየሰዓቱ ግንባሯን እየዳሰሰች ሰነበተች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ምስሉ እንደገና ተነሳ። ብርሃኑ ፈጽሞ ባይጠፋም ደብዝዟል፤ ወደ አንጓዎቿ የሚተሙት ሴሎች ቀንሰዋል። ቤሪል ያንን ከማየቷም በፊት ሻይዋን በአንድ እጇ አንስታ ነበር። ግላዲስም «ጆሮዬ ተረፈ!» ብላ ለሰፈሩ አወራች።

ሐኪሟ ግን ስትሰናበታት አስጠንቅቃታለች። «መድኃኒቱ ከሰውነትዎ ሲያልቅ ጥሪው ሊመለስ ይችላል። ለሚመለስባቸው ሌላ ዙር መድኃኒት አለ። ታዲያ እንዳይደብቁን፤ አንዴ የተበላ መገጣጠሚያ አይመለስም።»

ከዚያ ወዲህ ቤሪል ዓይኗን ሳትገልጥ ጣቶቿን አንድ በአንድ ማጠፍ ልማዷ ሆነ። አንድ ጠዋት የቀለበት ጣቷ አልታጠፍ አላት። ለዊልፍ አልነገረችውም። ነገ ይሻለኛል ብላ የኮቷን ቁልፍ እየታገለች ራሷ ቆለፈች። ፀጉር ቤት መቀሱ ወደቀ። ግላዲስ አንስታ ሰጠቻት እንጂ አልቀለደችም። ያ ዝምታ ቤሪልን ከሕመሙ ይልቅ አስፈራት።

ቤት ገብታ ስልኩን አነሳችና ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። ዊልፍ የእራቱን ድንች መላጥ ትቶ ያያታል፤ ዛሬ ግን ሊናገርላት አልተነሳም።

«ሚስዝ ሃንስኮም!» አለች ነርሷ በደስታ። «እንዴት ነዎት?»

«አላ...» ብላ ጀመረች ቤሪል። እናቷ ፊቷ የቆሙ መሰላት።

«ያመኛል» አለች። «በጣም ያመኛል።»