ፍየሎች የላሱት ማሳ

የዝና በየማለዳው ጫማዋን ዳር ላይ አውልቃ በባዶ እግሯ ወደ ሩዝ ማሳዋ ትገባለች። አፈሩ ውሃ ጠጥቶ እንደሆነ በእግሯ ታውቃለች። ከጥር ወዲህ ግን ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሳለ ላዩ እንደ ስስ ቅርፊት ከሥሯ ይሰበር ጀመር። ቅርፊቱ ነጭ ነበር።

መጀመሪያ ደስ አላት። አሶሳ ዙሪያ አፈሩ ኮምጣጣ ስለሆነ ገበሬው ኖራ በትኖ ነው የሚያርሰው፤ እሷም ባለፈው ዓመት ዐሥር ኩንታል በትናለች። “ኖራው ወደ ላይ ወጣ” ብላ ለባሏ ለገበየሁ ነገረችው፤ የተረፋትን ሁለት ኩንታልም ጨመረችበት። የሩዙ ቅጠል ጫፍ እንደተቃጠለ እየደረቀ ሲሄድ ውሃ የጠማው መሰላትና ማሳው ዳር ያለውን የጉድጓድ ፓምፕ ጠዋትና ማታ ትከፍት ጀመር።

የካቲት ላይ አንድ ረፋድ የጎረቤቷን የአጠይብን ፍየሎች ማሳው ውስጥ አገኘቻቸው። ድንጋይ አነሳች፤ ግን አልወረወረችም። ፍየሎቹ ሩዙን አልነኩትም። አንገታቸውን ደፍተው መሬቱን ይልሱ ነበር።

አጠይብ እየሮጠ መጣ። የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛውን የለመደው ገበያ ላይ ነው።

“የዝና፣ ወላሂ እኔ አልለቀቅኩም። ገመድ በጠሰ።”

“ተዋቸው። ምኑን ነው የሚልሱት?”

“ጨው ነዋ።”

“ኖራ ነው እንጂ።”

አጠይብ ሳቀ። “ኖራ የሚልስ ፍየል አንተ የት አየ?”

የዝና ከቅርፊቱ ቆንጥራ ምላሷ ላይ አደረገችው። ፊቷን ሲያይ አጠይብ ሳቁን ተወ።

ድንበሩ ላይ ተቀመጠች። በ1977 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ከወሎ ወደዚህ በሰፈራ የመጣችው የአባቷ መሬት ማብቀል ስላቆመ ነው። ያኔ ቢያንስ ጥፋቱ የዝናብ ነበር። ይህች ግማሽ ሄክታር ያለቻት ብቸኛ መሬት ናት፤ የዘንድሮው ሩዝ መድረቁ ሳይሆን መሬቷን ለዘለዓለም ገድላት እንደሆነ ነው ያስፈራት። በገዛ እጇ፣ በኖራው ይሁን በውሃው።

ሦስት ቀን ለማንም አልተናገረችም። ወጥ ስትሠራ ጨው መጨመር አቃታት።

“ሴትዮ፣ ጨው ከገበያ ጠፋ እንዴ?” አለ ገበየሁ።

“ማሳው ላይ ሞልቶልሃል” አለችና ሁሉን ነገረችው።

ገበየሁ እጁን ከትሪው አነሳ። “ሌላ ማን ያውቃል?”

“አጠይብ።”

“በቃ፣ ቀበሌው ሁሉ ያውቃል።”

በማግስቱ የግብርና ባለሙያዋን ሕብረትን ጠሩ። ሕብረት እስክሪብቶ የምታክል የጨው መለኪያ ከጉድጓዱ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ነከረች፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበች።

“እትዬ የዝና፣ ጨዉን ያመጣው ኖራው አይደለም። ውሃው ነው። ሁለት በጋ ያጠጡት ውሃ ሲተን ጨዉ እዚሁ ቀረ። ፓምፑን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ።”

“መሬቷ ሞታለች?”

“አልሞተችም ብዬ አልምልልዎትም። ጨዉ በዝናብ ውሃ ይታጠባል፤ ግን መውጫ ይፈልጋል። አሁን መውጫ የለውም።”

የዝና “አልምልልዎትም” ከሚለው ቃል በኋላ የተነገረውን በደንብ አልሰማችም፤ ገበየሁ ነው ደጋግሞ የጠየቀላት። በዚያው ሳምንት በማሳው ታችኛው ጠርዝ እስከ ጅረቱ ድረስ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ቆፈሩ። አጠይብ ከፍየሎቹ ጉረኖ ለማዳበሪያ የሚሆን በጠጥ በአህያ እያጋዘ አመጣ፤ ከደረቀው ሩዝ ገለባ ጋር ቀላቅለው አረሱት። የዝና በየጥቂቱ ጎንበስ እያለች የአፈሩን ገጽ ታያለች። ነጩ አንድ ቦታ ጠፍቶ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ሕብረት “ዝናብ እስኪመጣ እንዲህ ነው” ብላታለች፤ እሷ ግን ባየችው ቁጥር ቆንጥራ ትቀምሰዋለች።

ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ማሳው ላይ ሦስት ቀን ታግዶ ይቆይና ጨዉን ይዞ እንዲወጣ በቦዩ ይለቀቃል። ሕብረት ሰኔ አምስት ቀን የአፈሩን ጨው ልትለካ ትመጣለች።