ባዶ ቱቦዎችና የባለ ሻንጣዋ ክሬም

ያለቀ ክሬም ወዲያው አልጥልም። ከመታጠቢያ ቤቴ በር ጀርባ አንድ የጨርቅ ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ ያለቀው ሁሉ እሱ ውስጥ ይገባል። ከረጢቱ ሲሞላ የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አነጥፍና አንድ በአንድ እያወጣሁ እፈርዳለሁ፤ ይኼ ዳግመኛ ይገዛል፣ ይኼ አይገዛም። ልጄ ደርሳ ካየችኝ «እማዬ፣ ደግሞ ችሎት ተቀመጥሽ?» ትለኛለች በጀርመንኛ። ትሳቅ። ቆዳዬ ላይ የዋለውን ነገር ማንም እንዲፈርድልኝ አልፈልግም።

ባለፈው የብርድ ወራት ግን ከረጢቱን ያወረድኩት ሳይሞላ ነው። የጽዋ ማኅበራችን ተራ ደርሶኝ ነበር፤ እሁድ ሴቶቹ ኡንተርሊደርባህ የሚባለው ሰፈሬ፣ እኔ ቤት ይመጣሉ። ድግሱ አላሳሰበኝም፤ ድግስ እችላለሁ። ያሳሰበኝ አንድ ሻንጣ ነው። በየወሩ በየሰዉ ቤት፣ ጸሎቱ ተደርጎ ምግቡ እንደተነሣ የሚከፈት ሻንጣ። እኔ ቤት እንዳይከፈት ቆርጬ ነበር። ችግሩ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ «እኔ ቤት አይከፈትም» ያለች ሴት አልነበረችም። ያለች እንደሆነ ማኅበርተኛው በምን ዓይን እንደሚያያት አይታወቅም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ከሰው ጋር ተቀምጬ በአማርኛ የምስቀው በዚያች በወር አንድ እሁድ ብቻ ነው። እሷን ማጣት አልፈለግሁም።

የሻንጣውን ባለቤት በልቤ ባለ ሻንጣዋ እላታለሁ። እንደ እኔ ስድሳውን ያለፈች ናት፤ ኖርድኤንድ ሰፈር ትኖራለች። የፊት ክሬም፣ ዱቄት፣ የከንፈር ቀለም፣ የዓይን ቅባት ትሸጣለች። ከየት ነው የመጣው ስትባል «የስዊዘርላንድ ነው» ትላለች። ሁሉም የስዊዘርላንድ ነው።

እምቢ የማንላት ክሬሙን ወደነው አይደለም። ወደዚህ አገር ስንመጣ ቋንቋውን ቀድማ የያዘችው እሷ ነበረች። ከማኅበራችን ውስጥ የሆነ ቀን፣ የሆነ ቢሮ በር ላይ ከእሷ ጎን ያልቆመች ሴት የለችም። ቴርሚን፣ የቢሮ ቀጠሮ፣ ያለን ጠዋት መጥታ በራችንን ታንኳኳለች፤ ወረቀታችንን ታነባለች፤ ባለሥልጣኑ ፊት ስለ እኛ ትናገራለች። ይህን አልክድም። ግን ያኔ የዋለችልንን ውለታ በኋላ በሻንጣ ይዛ ትዞር ጀመር። ዚፑ ሲከፈት ሁሉም ሴት የቆመችበት ቢሮ ይታወሳታል፤ ይሉኝታ ይይዛታል፤ አንድ ነገር አንሥታ ትገዛለች። እኔም ስገዛ ኖሬአለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋዜጣዬን አነጠፍኩ።

መጀመሪያ የወጣው የእጅ ክሬሜ ነበር። ዩሪያ ያለበት፣ ሽታ የሌለው፣ ሆኽስት ሰፈር ካለው ድሮገሪ፣ ከመዋቢያና ከንጽሕና ዕቃ ሱቁ፣ ከሳሙናና ከጥርስ ብሩሽ መደርደሪያ አጠገብ የሚገኝ ተራ ነገር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የሆቴል አንሶላ ማጠብ ነበር፤ ብርድ ሲገባ የጣቶቼ መገጣጠሚያ ይሰነጠቃል። ይህን ተቀብቼ የጥጥ ጓንት አጥልቄ ስተኛ ጠዋት እጄ እጅ ይሆናል። አልወጣ ሲለኝ ቱቦውን በመቀስ ወገቡ ላይ ቆርጬ ውስጡን በጣቴ ጠርጌ ነው የጨረስኩት። እንዲህ የተጠረገ ቱቦ ሌላ ምስክር አያሻውም። ይገዛል።

ቀጥሎ የፀሐይ መከላከያው። የቆዳ ሐኪሟ ናት ተቀቢ ያለችኝ፤ እኔ ደግሞ ፀሐይ እኛን ምን ያደርገናል ባይ ነበርኩ። ተቀብቼ መስተዋት ሳይ ፊቴ ምድጃ ስትቆሰቁስ የዋለች ሴት ፊት መሰለ፤ አመድ ብቻ። ቢሆንም የገዛሁትን እጨርሳለሁ፤ አንገቴንና እግሬን እየቀባሁ ጨረስኩት። አይገዛም። ነጭ የማያደርግ ሌላ እፈልጋለሁ፤ ሐኪሟስ ልክ ናት።

የኩል እርሳሴ ቀርጬ ቀርጬ በጣት የማትያዝ ሆናለች። ባሌ ሲሞት ኩል መኳል ትቼ ነበር። ሁለት ዓመት ሲሞላ ተመልሼ ተኳልኩ፤ ያሙኝ ነበሩ፤ እነማን እንደሆኑም አውቃለሁ። ይገዛል። ለሐሜቱም ስል ይገዛል።

ቡናማውን የከንፈር ቀለም ከሥሩ በክብሪት እንጨት እየቆፈርኩ ነው ያወጣሁት። ስጠይቅ ከገበያ ወጥቷል አሉኝ። ቢኖር ኖሮ ዛሬውኑ ይገዛ ነበር። ስለ ቫዝሊን አልከራከርም፤ ቫዝሊን እንደ ጨው ነው፣ ቤት ውስጥ መኖር አለበት።

ከረጢቱ ተራግፎ አለቀ። ከሻንጣው የተገዛ አንድም ዕቃ አልነበረበትም።

ተነሥቼ የመስተዋቱን ሣጥን ከፈትኩ። እዚያ ናቸው፤ ወርቃማ ክዳናቸውን ደፍተው ተሰልፈዋል፤ ግማሽ የደረሰ እንኳን የለም። የሌሊቱ ክሬም ሽቶው ራስ ያዞራል፤ ይህን ተቀብታ እንቅልፍ የሚወስዳት ሴት ካለች ልወቃት። ከጎኑ ፋውንዴሽኑ፣ የፊት ቀለሙ፣ አለ። «ልክሽ ነው፤ ትንሽ ያፈካሻል» ብላ የሸጠችልኝ ነው። እኔ ጠይም ነኝ፤ ፍኪልኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ልጄ የተመረቀች ቀን ተቀባሁት። ፎቶው እስከ ዛሬ ልጄ ቤት ግድግዳው ላይ አለ፤ አንገቱ የኔ ነው፤ ፊቱ የማን እንደሆነ አላውቅም።

ከሁሉም ጀርባ የዓይን ሥር ክሬሙ አለ። የታሸገበት ወረቀት እንኳን አልተነሣም። እሱን የገዛሁት አይደለም፤ የተጫነብኝ ነው። ባሌ በሞተ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ሌሎቹ እንጀራና ወጥ፣ ውኃና ለስላሳ ይዘው ነው የመጡት። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች፤ «ዓይንሽ ሥር አበጠ፣ እህቴ» አለችና ይህችን ትንሽ ብልቃጥ ጭኔ ላይ አኖረች። ለለቅሶ የመጣ ነገር ምንድን ነው፣ ስንት ነው አይባልም። ለቀስተኛው እየሰማ አመሰገንኳት፤ መረቅኳት። በአርባው ማዕድ ቤቴ ገብታ፣ ሳህን የምታነሣ መስላ፣ ዋጋውን በጆሮዬ ነገረችኝ። ሰጠኋት። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር፤ ምን ልል እችላለሁ? ለማንም ሳልናገር ይዤው ኖርኩ፤ ለልጄም። በለቅሶዬ ተነገደብኝ ብሎ መናገር ያሳፍራል፤ የሸጠችው ሳታፍር እኔ አፈርኩ።

ይህንንም ፈረድኩ፤ አይገዛም። ከዚያ ባዶዎቹን ሰብስቤ መልሼ ከረጢቱ ውስጥ ጨመርኩ፤ አልጣልኳቸውም።

እሁድ ሴቶቹ መጡ። ካህን አልነበረም፤ ጸሎቱን የመሩት ትልቋ እናታችን ናቸው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሁላችንም አንቱ የምንላቸው፣ ሲቆጡም ሲቀልዱም ድምፃቸው የማይለወጥ ሴት። ተበላ፤ ተመሰገነ። ምግቡ ሲነሣ ባለ ሻንጣዋ እጇን ታጠበች። ሻንጣውን ከኮሪደሩ እየጎተተች አምጥታ ከሶፋው ፊት አስተኛችና ዚፑን ያዘች።

«አይከፈትም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«እኔ ቤት አይከፈትም። ዛሬ የማሳየው እኔ ነኝ።»

ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። የተቆረጠው ቱቦ ተንከባሎ ከትልቋ እናት ፊት ቆመ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ ይኼ ቆሻሻ አይደለም እንዴ?»

«ቆሻሻ ነው፣ እማማ። ግን ያለቀ ነው። ሰው የሚጨርሰው የሚጠቅመውን ነው።»

«እውነት ነው። የማይረባማ አያልቅም» አሉ። ከማን ጋር እንደወገኑ ገና አልለየሁም።

አንድ በአንድ አነሣሁ። ይኼ ይገዛል፤ ይኼ አመድ ያስመስላል፤ ይኼ ከገበያ ወጥቷል። ከማኅበርተኛው ሁሉ ታናሽ የሆነችው፣ የአረጋውያን ቤት የምትሠራው ልጅ፣ የእጅ ክሬሙን ቱቦ ነጥቃ አየችና ሳቀች።

«ውይ እትዬ! ይኼን እኮ እኛ ሥራ ቦታ የሽማግሌዎቹን ተረከዝ ነው የምንቀባበት።»

«ተረከዝ?» አልኳት። «እኔ ደረቀብኝ ብዬ ጉንጬንም ቀብቼበታለሁ።»

«ታዲያ ጉንጭዎ ለስልሷል።»

«ተረከዝሽን አሳዪኝና ላወዳድር» አሉኝ ትልቋ እናት። ሴቶቹ ተንፈቀፈቁ። እናትየዋ ግን አልጨረሱም። ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ ባለ ሻንጣዋን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «እኔ ደግሞ የዚችን ልጅ የሌሊት ክሬም ጫማዬን እወለውልበታለሁ። እንዴት እንደሚያበራው! የስዊዘርላንድ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ «የኔም ኬለር፣ ምድር ቤት ነው ያለው» አለች፤ አንዷ «እኔ አገር ቤት ላክሁት፤ እነሱም መለሱልኝ» አለች። ለካ በየሰዉ ቤት ያ ወርቃማ ክዳን ተሰልፎ ኖሯል።

ባለ ሻንጣዋ አልሳቀችም። ዚፑን ለቃ ቀና አለች።

«ይሁን» አለች። «ስንት ቢሮ ከእናንተ ጋር ስቆም የኖርኩ ሰው! አንቺ ደግሞ፣» ወደ እኔ ዞረች፤ «የመኖሪያ ወረቀትሽን ያስጨረሰልሽ ማነው?»

«አንቺ ነሽ።»

«ባልሽ ሆስፒታል ሲተኛ ሐኪሙን ያነጋገረልሽ ማነው?»

«አንቺ። እግዜር ይስጥልኝ። ያኔም ብያለሁ፣ ነገም እላለሁ። ታዲያ ባሌ ሲሞት ለቅሶ ይዘሽልኝ የመጣሽውን በአርባው ለምን ዋጋ ጠየቅሽኝ?»

ሳቁ ቆመ። ማንም ይህን አያውቅም ነበር። ታናሺቱ ቱቦውን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ መለሰች።

«ለለቅሶ ያመጣሽውን?» አሉ ትልቋ እናት።

«ዕቃው በብድር የሚሰጠኝ ነው፣ እማማ። እኔም የምመልሰው ሰው አለ። ደግሞ የገዛችው መስሎኝ...»

«አርባ ሳይወጣ የምትገዛ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ባለ ሻንጣዋ ወደ በሩ አየች። ሌላ ቀን ቢሆን ኮቷን አንሥታ ትወጣ ነበር፤ አውቃታለሁ። ግን የሚቀጥለው ወር ተረኛ እሷ ነበረች፤ ተረኛ ደግሞ ጽዋውን ሳትረከብ አትሄድም። ስለዚህ ሻንጣዋ እግሯ ሥር እንደተኛ፣ እኔም ፊት ለፊቷ፣ ሻይ እየጠጣን ተቀመጥን። አዘንሽላት ወይ የሚል ካለ፣ አላዘንኩም። ጭኔ ላይ ብልቃጥ ስታኖር እሷም አላዘነችልኝም።

የመዝጊያው ጸሎት ደረሰ። ሕጉ ተራዋን የጨረሰች ለተረኛዋ በእጇ ታስረክብ ነው። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ አነሣሁት። እሷም ተነሥታ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ጎንበስ አለች፤ ጨርቁን ሳመች። ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ ከእኔ ላይ ግን አላነሣችውም። እኔም አላነሣሁም።

ጽዋ መሬት አይነካም፤ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሻንጣው ሶፋው ፊት እንደተኛ ቀረ። ሴቶቹ ተያዩ። ታናሺቱ ልታነሣው ስትል «ተይው» አልኳት። እጀታውን ያዝኩና ከኋላዋ ደረጃውን ወረድኩ። እጅግ ከባድ ነበር። በየወሩ ይህን ሁሉ ክብደት ባቡር ላይ ስታወጣና ስታወርድ፣ በኋላም መኪና ስትጭን እንደኖረች አስቤ አላውቅም። አሰብኩት፤ ግን ሐሳቤን አላስለወጠኝም።

መኪናዋ ጋ ስንደርስ ጽዋውን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ ቀበቶ አሰረችለት። እኔ ሻንጣውን ከኋላ ጫንኩና በሩን ዘጋሁት።

«የሚመጣው ወር እኔ ቤት ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እኔ ቤት ይከፈታል።»

«ቤትሽ ነው፤ ክፈቺው። እኔ ግን አልገዛም።»

ገብታ መሪውን ያዘች። «ትመጫለሽ?»

«ማኅበር ነው። እመጣለሁ።»

ሞተሩን አስነሣች። እስክትታጠፍ ቆሜ አላየኋትም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እኔም ያለ ኮት ነው የወረድኩት። ደረጃውን ስወጣ ያሳሰበኝ የእሷ ሳይሆን የቀሩት ነገር ነበር። እንግዳ ከቤቷ በእንባ የወጣባትን ሴት ምን እንደሚሏት አላውቅም።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሴቶቹ ኮታቸውን ለብሰው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ስገባ ድምፃቸው ወዲያው ጠፋ። ትልቋ እናት ብቻ፣ ሻርፓቸውን እየጠመጠሙ፣ የተቆረጠውን ቱቦ አስጠግተው በመነጽራቸው እያነበቡ ነበር።

«ይኼ ድሮገሪ» አሉኝ፣ «ነገ ጠዋት ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው፣ እማማ።»

«አንቺ ትወስጂናለሽ። እኔና ይቺ ልጅ እንመጣለን፤ ሌላም የሚመጣ ይኖራል።»

«እኔም አለሁ» አለች አንዷ። «ለኔ ያቺን ኩል» አለች ሌላዋ፣ ያማችኝ ራሷ።

«በሉ ኮታችሁን አውልቁ» አልኩ። «ሻይ አለ።»

አወለቁ።