ቤዛ ትምህርት ቤት የገባች ቀን

ባለፈው ሰኞ ጠዋት... የእህቴን ልጅ ቤዛን እጇን ይዤ እዚሁ ሰቆጣ አንድ ትምህርት ቤት ወሰድኳት። ስምንት ዓመቷ ነው። ክፍል ገብታ ስትቀመጥ ግን በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር።

የተወለደችው ሪያድ ነው። እናቷ ፀዳለ፣ ታላቅ እህቴ፣ እዚያ ሰው ቤት እየሠራች አሳደገቻት። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌላቸው ልጅቷ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ከሁለት ወር በፊት ወደ አገር ከምትመለስ የሰፈራችን ሴት ጋር ላከችልኝ። «እንደ ሰው ልጅ ትማርልኝ፣ ሌላ ምንም አልልሽም» ነበር ያለችኝ።

ቤዛ አማርኛ ትሰማለች። ስትመልስ አረብኛው ይቀድማታል። እናቴ ደግሞ ስትስቅም ስትቆጣም በኽምጣንጋ ነው። ምስኪን፣ ሦስት ቋንቋ መሀል ሆና ዓይን ዓይናችንን ታያለች።

በር ላይ ጥበቃው አያ ኃይሉ ቆመዋል። ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ካኪያቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው።

«እንኳን መጣሽ የኔ እመቤት! ግቢ፣ ግቢ!» አሏት እጃቸውን ዘርግተው።

እጄን ጭምቅ አደረገችው። አፍራ ነው ብዬ አለፍኩት... መምህሯ ተቀብላ ከፊት አስቀመጠቻት፣ እኔም ወደ ልብስ ስፌት ቤቴ ሄድኩ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። መምህሯ ናት።

«ቤዛ አንቺ ጋ መጥታለች እንዴ?»

«ኧረ እኔ ጋ ምን ልታደርግ?»

«ከእረፍት ሲመለሱ የለችም... ልጆቹም አላየናትም አሉ።»

መቀሱን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ስደርስ አያ ኃይሉ «በዚህ በር አንድም ልጅ አልወጣም!» እያሉ ይምላሉ። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ግን አጥሩ ተቀዷል፣ አንድ ልጅ በደንብ ያሾልካል። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ቁልቁል ገደል ነው።

ትልልቆቹ ተማሪዎች ገደሉን ወረዱ። መምህራኑ ክፍል ለክፍል፣ ሽንት ቤቱን፣ ዕቃ ቤቱን ሳይቀር እየከፈቱ ተጣሩ። «ቤዛ! ቤዛ!» ግቢው በስሟ ተሞላ። ከሁሉም በላይ የሚጮኹት አያ ኃይሉ ነበሩ፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ።

አንዲት ሴት መንገድ ላይ «ሴት ልጅ በአበርገሌ መኪና ስትሳፈር አይቻለሁ» አለችን። ወደ መናኸሪያ በረርኩ። መኪናው ወጥቷል። ረዳቱ ጋ አስደወልኩ... ልጅ አለች፣ ግን ከአባቷ ጋር ናት።

«ለእናቷ ደውይላት እንጂ» አሉኝ። በምን አፌ? በሰው አገር ተሸሽጋ ያሳደገቻትን ልጅ በአገሯ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በግማሽ ቀን ጠፋችብኝ ልበላት? እምቢ አልኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ራሷ ደወለች። አየሁት፣ አላነሳሁም። ደገመች፣ አላነሳሁም። በሦስተኛው አነሳሁት።

«እንዴት ዋለችልኝ ተማሪዬ?»

«ፀዱ... ጠፋችብኝ።»

ትጮሃለች ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩ። እሷ ግን ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«እዚያ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው አለ?»

«ጥበቃው አሉ... ምነው?»

«ስሟን እየጠራችኋት ነው?»

«ከተማው ሙሉ እየጠራት ነው!»

«ዝም በሉ። ሁላችሁም ዝም በሉ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጊና ግቢውን ዙሪልኝ።»

ሰዉን ዝም አሰኘሁ። ስልኩን ከፊቴ ይዤ በየክፍሉ መዞር ጀመርኩ። እህቴ ከሪያድ አንዲት ቃል ብቻ ትደጋግማለች።

«ራሑ... ቤዛየ፣ ራሑ።»

በአረብኛ «ሄዱ» ማለት ነው።

ዕቃ ቤቱ ጋ ስንደርስ እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ። ሁለት ጊዜ ከፍተን የተጣራንበት ክፍል ነው። ከተሰባበሩት ዴስኮች ክምር ስር ቤዛ በሆዷ እየተሳበች ወጣች። አቧራ ለብሳለች፣ ቀሚሷ ርሷል። አታለቅስም። አንድ እጇ አፏ ላይ እንደተጫነ ነው።

«ሹርጣው ሄደ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ፖሊሱን ማለቷ ነው።

አቅፌያት መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በኋላ ፀዳለ ነገረችኝ። እዚያ ፈቃድ የሚቆጣጠሩት ቤት ለቤት ሲመጡ ልጅቷን ቁም ሣጥን ውስጥ ትከታት ነበር። ማንም ቢጠራት እንዳትመልስ፣ በስሟ ከጠሯት ደግሞ ጭራሽ እንዳትተነፍስ አስተምራታለች። የምትወጣው እናቷ ያቺን ቃል ስትላት ብቻ ነው። እኛ በጮኽን ቁጥር እሷ ይበልጥ ወደ ውስጥ ስትገባ ነበር የዋለችው... እኔም ስልክ ፈርቼ ሰዓታት ጨመርኩባት።

አያ ኃይሉ ይህን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እኔን ነው ልጅየዋ የፈራችው?» አሉ። በማግስቱ ካኪውን ትተው በጋቢ መጡ። ርዕሰ መምህሩም አይተው እንዳላዩ አለፏቸው።

ቤዛ አሁን ትማራለች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን አሁንም በኔ ወዲያኛው ጎን ትዞራለች።

መምህሯ ስም ስትጠራ «አቤት» ማለትን... ገና እያለማመድናት ነው።